አለቃውን ግስ ይያዙ፣ ሠራዊቱ ይከተላል
የፈረንሳይኛን መደበኛ ግስ ደረጃ በደረጃ ለማርባት

ፈረንሳይኛ የሚጀምር ሰው ቶሎ ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዱ የግስ እርባታ ነው። ሠንጠረዡ ይረዝማል፣ ጊዜያቱ ይበዛሉ፣ የሚጻፈውና የሚሰማው አይገጥምም። የቤሽሬል ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1842 የግስ እርባታ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ዛሬም በስማቸው የሚታተመው መጽሐፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሶችን ይዘረዝራል። ይህን ያህል ግስ ማን ይችለዋል ቢሉ አይፈረድብዎትም። ደስ የሚለው ግን ከ10 የፈረንሳይኛ ግሶች 9 ያህሉ የሚሄዱት በአንድ መንገድ መሆኑ ነው። ያችን አንድ መንገድ ያወቀ ሰው የቋንቋውን ሰፊ ክፍል በእጁ አስገባ ማለት ነው።

አካሄዱ ከቅኔ ቤት ትምህርት የራቀ አይደለም። ግእዝ የሚማር ተማሪ ግስ ሲያወርድ እያንዳንዱን ግስ እንደ አዲስ አያጠናም። «ቀተለ»ን የመሰለ አለቃ ግስ ይይዝና በቃሉ እስኪሠርጽ ያረባዋል፤ «ቤተ ቀተለ» የሚባሉት ሠራዊት ከዚያ በኋላ በዚያው ይሄዱለታል። የእኛ አለቃ «ፓርሌ» ነው፤ ትርጉሙ «መናገር»። እሱን አጥብቆ የያዘ ሰው መኖርን፣ መሥራትን፣ መፈለግን፣ መዝፈንን የሚገልጹትን ግሶች በዚያው ልክ ያረባል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ መጀመሪያ ጆሮና አፍ፣ ቀጥሎ እጅ። ሠንጠረዡን ከወረቀት የጀመረ ተማሪ የማይነበቡትን ፊደላት ሁሉ ማንበብ ይለምዳል፤ የለመደ ምላስ ደግሞ በኋላ ለማረም ያስቸግራል። ከድምፅ የጀመረ ሰው ግን ነገሩ ከፈራው በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ጮክ ብለው የሚናገሩበት ቦታ ያዘጋጁ። እዚህ በእኛ ፊደል የተጻፉት የፈረንሳይኛ ቃላት አቅጣጫ ጠቋሚ ናቸው። ስለዚህ ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ስልክዎ ላይ ይጫኑና እያንዳንዱን ቃል ከተናጋሪው አፍ ይስሙ። በተለይ ሦስት ድምፆችን ልብ ይበሉ።

• «ር» የሚወጣው ከጉሮሮ ነው። ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው «ገይን» የሚባለው ፊደል ድምፅ ይቀርብለታል።
• «ፓርሎን» ሲባል የመጨረሻው «ን» ምላስን ከላንቃ አያስነካም፤ ድምፁ በአፍንጫ ያልፋል።
• «ቱ» የእኛ «ቱ» አይደለም። ከንፈርዎን «ኡ» ለማለት እንደሚያሾሉ አድርገው በምላስዎ «ኢ» ይበሉ።

የፊደላቱንም ስም በፈረንሳይኛ ይጥሩ። በእንግሊዝኛ «ኢ» የምንላት ፊደል በፈረንሳይኛ «ኧ» ትባላለች፤ በእንግሊዝኛ «አይ» የምንላት ደግሞ «ኢ» ትሆናለች። «ኤር»፣ «ኤስ»፣ «ኤን»፣ «ቴ»፣ «ዜድ» የሚባሉትን ከአሁኑ ይልመዱ፤ ከዚህ በታች የምንጠቀመው በእነሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ግሱ የየትኛው ቤት እንደሆነ ይለዩ

የአማርኛ ንዑስ አንቀጽ ምልክቱን ከፊት ይይዛል፤ መናገር፣ መሥራት፣ መፈለግ ስንል «መ» ትቀድማለች። ፈረንሳይኛ ምልክቱን ያስቀመጠው ከኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ግስ ሲያገኙ መጀመሪያ ጭራውን ይዩ።

የፈረንሳይ ሰዋስው ግሶችን በሦስት ቡድን ይከፍላል። የመጀመሪያው ቡድን በጽሑፍ «ኧ-ኤር» በሚሉ ሁለት ፊደላት ያበቃል፤ ሲነገር ግን የሚሰማው «ኤ» ብቻ ነው፣ «ፓርሌ» እንደምንለው። ሁለተኛው «ኢ-ኤር» ብለው ከሚያልቁት ብዙዎቹን ይይዛል፤ «ፊኒር» (መጨረስ) አለቃቸው ሲሆን ብዛታቸው ወደ 300 ይጠጋል። ሦስተኛው ቡድን ከሥርዓት የወጡትን ሁሉ የሰበሰበ ነው።

ወደ ቋንቋው አዲስ የሚገቡ ግሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰለፉት ከመጀመሪያው ቡድን ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ «ፖስቴ»፣ ላይክ ማድረግ «ላይኬ» የተባሉት ለዚህ ነው። አንድ አሳሳች ግስ ብቻ ለይተው ይያዙ፦ «አሌ» (መሄድ)። ጭራው የመጀመሪያውን ቡድን ይመስላል፤ እርባታው ግን ለብቻው ነው።

ደረጃ 2፦ ግንዱን ያውጡ

የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ቆርጠው ይጣሉ። የቀረው ግንድ ነው።

• ፓርሌ (መናገር) — ፓርል
• ሻንቴ (መዝፈን) — ሻንት
• ሼርሼ (መፈለግ) — ሼርሽ
• ትራቫዬ (መሥራት) — ትራቫይ
• አቢቴ (መኖር) — አቢት

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ እፎይ ሊል ይገባዋል። የእኛ ግስ ሲረባ ውስጡ ይለዋወጣል፦ ፈለገ፣ ይፈልጋል፣ ፈልጎ። የፈረንሳይኛ መደበኛ ግስ ግንድ ግን ቆሞ ይቀራል፤ የሚለወጠው ጭራው ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ተውላጠ ስሙን ከግሱ አይለዩ

አማርኛ ተናጋሪን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ይህ ደረጃ ነው። እኛ «እናገራለሁ» ስንል ማን እንደሚናገር ግሱ ራሱ ይናገራል፤ «እኔ» የምንጨምረው ለማጉላት ነው። በፈረንሳይኛ «ፓርል» ብቻ ብለው ዝም ቢሉ ሰሚው «ተናገር» ብለው ያዘዙት ይመስለዋል። ባለቤቱን የሚያሳውቀው ከፊት የሚመጣው ተውላጠ ስም ስለሆነ ከትእዛዝ በቀር አይቀርም።

• ዠ — እኔ
• ቱ — አንተ ወይም አንቺ
• ኢል — እሱ፣ ኤል — እሷ
• ኦን — በዕለት ተዕለት ንግግር «እኛ»፣ አንዳንዴም «ሰው» በጥቅሉ
• ኑ — እኛ
• ቩ — እናንተ ወይም እርስዎ
• ኢል — እነሱ፣ ኤል — እነሱ (ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ)

አማርኛ «ትናገራለህ» እና «ትናገሪያለሽ» ብሎ በሁለተኛ መደብ ወንድና ሴትን ይለያል፤ ፈረንሳይኛ አይለይም፣ ሁለቱም «ቱ» ናቸው። በአክብሮቱ ግን ይቀራረባሉ። ለማያውቁት ሰው፣ ለታላቅ፣ ለቢሮ ኃላፊ «ቩ» ይበሉ፤ ለጓደኛ፣ ለቤተሰብና ለልጅ «ቱ» ይበቃል። አንድን ሰው «ቩ» ብለው ሲያከብሩም ግሱ የሚረባው ለብዙ ሰዎች እንደሚረባው ነው። ለ«እሳቸው» የተለየ ቃል የለም፤ «ኢል» ወይም «ኤል» ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ የአሁኑን ጊዜ በአፍዎ ይያዙ

ደብተሩን ይዝጉና ጮክ ብለው ይበሉ፦

• ዠ ፓርል — እናገራለሁ
• ቱ ፓርል — ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ
• ኢል ፓርል — ይናገራል
• ኑ ፓርሎን — እንናገራለን
• ቩ ፓርሌ — ትናገራላችሁ፣ ይናገራሉ (እርስዎ)
• ኢል ፓርል — ይናገራሉ

አሁን የሰሙትን ይቁጠሩ። ስድስት መደቦች አሉ፤ የግሱ ድምፅ ግን ሦስት ብቻ ነው፦ አራቱ «ፓርል»፣ አንዱ «ፓርሎን»፣ አንዱ «ፓርሌ»። በተለመደ ንግግር «ኑ»ን በ«ኦን» ከተኩት «ኦን ፓርል» ይሆናልና ሁለት ድምፅ ብቻ ይቀርዎታል። ብዙ ሰው የሚሸሸው ሠንጠረዥ ለአፍ ሲቀርብ ይህን ያህል ቀላል ነው።

መጀመሪያ በቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ፣ በመጨረሻም አቀላቅለው ይለማመዱ። የቤት ሰው በአማርኛ «እንናገራለን» ይበልዎትና እርስዎ ሳይዘገዩ «ኑ ፓርሎን» ይመልሱ። ሳያስቡ መመለስ ሲጀምሩ በ«ሻንት»፣ በ«ሼርሽ»፣ በ«ትራቫይ» ይድገሙት። ይህ ጊዜ «እናገራለሁ»ንም «እየተናገርኩ ነው»ንም ይሸፍናል፤ ለሁለተኛው የግድ ሌላ እርባታ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ በአናባቢ የሚጀምሩትን ለይተው ይለማመዱ

«አቢቴ» ሲጻፍ ከፊቱ የማትነበብ ፊደል አለች፤ ለጆሮ ግን የሚጀምረው በአናባቢ ነው። እንዲህ ባለ ግስ ፊት ተውላጠ ስሙና ግሱ ይጣበቃሉ። «ዠ» አናባቢዋን ትጥላለች፤ በ«ኑ»፣ በ«ቩ» እና በብዙ ቁጥሩ «ኢል» መጨረሻ ያለችው ዝምተኛ ፊደል ደግሞ ነቅታ «ዝ» ትላለች።

• ዣቢት — እኖራለሁ
• ቱ አቢት — ትኖራለህ፣ ትኖሪያለሽ
• ኢላቢት — ይኖራል
• ኑዛቢቶን — እንኖራለን
• ቩዛቢቴ — ትኖራላችሁ
• ኢልዛቢት — ይኖራሉ

«ኢል ፓርል» ሲባል አንድ ሰው ይሁን ብዙ ድምፁ አይለይም፤ የሚለየው ወሬው ነው። «ኢላቢት» እና «ኢልዛቢት» ግን ይለያያሉ፤ ልዩነቱን የተሸከመችው ያቺ «ዝ» ናት። ሁለቱን እያፈራረቁ ስልክዎ ላይ ይቅዱ፣ መልሰው ያዳምጡ።

ደረጃ 6፦ አሁን ብዕር ያንሱ

ጆሮዎ ሦስቱን ድምፆች ከያዘ በኋላ በጽሑፍ በግንዱ ላይ የሚጨመሩት እነዚህ ናቸው።

• ዠ — ኧ
• ቱ — ኧ-ኤስ
• ኢል፣ ኤል፣ ኦን — ኧ
• ኑ — ኦ-ኤን-ኤስ
• ቩ — ኧ-ዜድ
• ኢል፣ ኤል (ብዙ) — ኧ-ኤን-ቴ

ለዓይን አምስት የተለያዩ ጭራዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ «ኧ»፣ «ኧ-ኤስ» እና «ኧ-ኤን-ቴ» ጨርሶ አይሰሙም። በተለይ የመጨረሻውን ልብ ይበሉ፤ ሦስት ፊደል ተጽፎ አንድም አይነበብም። «ኢል ፓርላን» ወይም «ኢል ፓርለንት» ብሎ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ደግሞ አሉ። አንደኛ፣ «ቩ ፓርሌ» እና ንዑስ አንቀጹ «ፓርሌ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ግን የፊተኛው በ«ኧ-ዜድ»፣ የኋለኛው በ«ኧ-ኤር» ያበቃል። «ዤም ፓርሌ» (መናገር እወዳለሁ) ሲሉ ከፊቱ ሌላ የረባ ግስ ስላለ ሁለተኛው በ«ኧ-ኤር» ይጻፋል። ሁለተኛ፣ «ቱ»ን ሲያዝዙ ተውላጠ ስሙ ይቀራል፣ የግሱም «ኤስ» አብራው ትወድቃለች። «ፓርል!» ማለት «ተናገር!» ወይም «ተናገሪ!» ነው።

የቀዱትን ድምፅ ከፍተው ለራስዎ ቃል ጽሕፈት ይስጡ። እየሰሙ መጻፍ ጆሮንና እጅን የሚያገናኝ ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ አሉታና ጥያቄ

አማርኛ «አልናገርም» ሲል ግሱን ከፊት በ«አል»፣ ከኋላ በ«ም» ያቅፈዋል። ፈረንሳይኛም ያቅፈዋል፣ ከፊት በ«ነ»፣ ከኋላ በ«ፓ»፦ «ዠ ነ ፓርል ፓ»። አናባቢ ፊት «ነ» ትጣበቃለች፦ «ዠ ናቢት ፓ»። በፈጣን ንግግር «ነ» ብዙ ጊዜ ትዋጣለች፤ «ፓ» ግን አትቀርም። ሲጽፉ ሁለቱንም ይጻፉ።

ለጥያቄ ከፊት «ኤስከ» ይጨምሩ፦ «ኤስከ ቱ ፓርል ፍራንሴ?» (ፈረንሳይኛ ትናገራለህ?)። ወይም ዓረፍተ ነገሩን ሳይነኩ ድምፅዎን መጨረሻው ላይ ከፍ ያድርጉ። ሁለቱም መንገድ እርባታውን አይለውጥም።

ደረጃ 8፦ ወደ ኃላፊውና ወደ ትንቢቱ ይሻገሩ

የአሁኑ ጊዜ ሳይደላደል ወደዚህ አይምጡ። ከተደላደለ ግን የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው።

ያለቀ ድርጊት፦ «አቭዋር» የሚባለውን የባለቤትነት ግስ ያጥኑ፤ ረዳት ሆኖ ይቀድማል። ዋናው ግስ «ኧ» ላይ ጭረት ተጨምሮበት «ፓርሌ» ሆኖ ሳይለወጥ ይከተላል፦ ዤ ፓርሌ፣ ቱ አ ፓርሌ፣ ኢል አ ፓርሌ፣ ኑዛቮን ፓርሌ፣ ቩዛቬ ፓርሌ፣ ኢልዞን ፓርሌ። «ተናገርኩ፣ ተናገርክ፣ ተናገረ» ማለት ነው። «አሪቬ» (መድረስ)፣ «ሬስቴ» (መቆየት)፣ «ቶንቤ» (መውደቅ)ን የመሰሉ ጥቂቶች ረዳታቸው «ኤትር» (መሆን) ነው፤ እነሱን በዝርዝር ይያዟቸው።

በኃላፊ ጊዜ የቆየ ወይም የተለመደ ድርጊት፦ «እናገር ነበር» የምንለው ነው። ዠ ፓርሌ፣ ቱ ፓርሌ፣ ኢል ፓርሌ፣ ኑ ፓርሊዮን፣ ቩ ፓርሊዬ፣ ኢል ፓርሌ። እዚህም የሚሰማው ድምፅ ሦስት ነው። ጭራዎቹ በቅደም ተከተል «አ-ኢ-ኤስ»፣ «አ-ኢ-ኤስ»፣ «አ-ኢ-ቴ»፣ «ኢ-ኦ-ኤን-ኤስ»፣ «ኢ-ኧ-ዜድ»፣ «አ-ኢ-ኧ-ኤን-ቴ» ናቸው።

የሚመጣ ድርጊት፦ ግንዱን አይቁረጡ፤ ሙሉውን ንዑስ አንቀጽ ይያዙና ከኋላው ይጨምሩ። ዠ ፓርለሬ፣ ቱ ፓርለራ፣ ኢል ፓርለራ፣ ኑ ፓርለሮን፣ ቩ ፓርለሬ፣ ኢል ፓርለሮን። ጭራዎቹ የመጡት ከ«አቭዋር» እርባታ ስለሆነ ያንን ያወቀ ሰው እነዚህንም ያውቃል። በንግግር ከዚህ የቀለለም አለ፦ የ«አሌ»ን የአሁን ጊዜ አስቀድሞ ንዑስ አንቀጹን ማስከተል። «ዠ ቬ ፓርሌ» ማለት «ልናገር ነው» ነው።

ጆሮዎን በእነዚህ ሦስት መስመሮች ይፈትኑ፦ «ዠ ፓርል» (እናገራለሁ)፣ «ዠ ፓርሌ» (እናገር ነበር)፣ «ዤ ፓርሌ» (ተናገርኩ)። በ«ዠ» እና በ«ዤ»፣ በ«ፓርል» እና በ«ፓርሌ» መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ጊዜውን ሁሉ ይለውጣል። ሦስቱን ሳይምታቱ መለየት ከቻሉ መሠረቱ ተጥሏል።

ደረጃ 9፦ ትናንሽ የአጻጻፍ ለውጦች

አንዳንድ ግሶች ሥርዓቱን የጣሱ ይመስላሉ፤ አጻጻፋቸው የሚለወጠው ግን ድምፃቸውን ለማዳን ነው። «ማንዤ» (መብላት) በ«ኑ» ሲረባ «ማንዦን» ይባላል። «ዥ» የምትሰማው ፊደል ከ«ኦ» ፊት ስትቆም «ግ» ወደ መሆን ስለምታዘነብል በመካከላቸው «ኧ» ትገባለች። «ኮማንሴ» (መጀመር) ላይም «ስ» የምትሰማው ፊደል ከ«ኦ» ፊት «ክ» እንዳትሆን ከሥሯ ጭራ ይቀጠልላታል፦ «ኑ ኮማንሶን»።

«አሽቴ» (መግዛት) እና «አፕሌ» (መጥራት) ደግሞ ጭራቸው በማይሰማባቸው አራት መደቦች አናባቢያቸውን ያጎላሉ፦ «ዣሼት»፣ «ዣፔል»። በ«ኑ» እና በ«ቩ» እንደነበሩ ይቆያሉ፦ «ኑዛሽቶን»፣ «ኑዛፕሎን»። ስምዎን ሲናገሩ «ዠ ማፔል» የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው፤ ሳያውቁት አንዱን ቀድመው አርብተዋል ማለት ነው።

ዕለታዊ ልምምድ

በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ሳያቋርጡ መሥራት በሳምንት አንዴ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት «ፓርሌ»ን ብቻ፣ በአሁን ጊዜ ብቻ ይያዙ። በሁለተኛው ሳምንት በየቀኑ አንድ አዲስ ግስ ይጨምሩና ስለ ራስዎ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት፦ የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚፈልጉ። በሦስተኛው አሉታውንና ጥያቄውን፣ በአራተኛው ኃላፊ ጊዜውን ይጨምሩ።

ለጆሮዎ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ ለተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው ዜና አለ፤ ጽሑፉም ስለሚገኝ እየሰሙ ግሶቹን ማስመር ይችላሉ። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢያን ደግሞ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ቅርብ ነው። ፈረንሳይኛ የአፍሪካ ኅብረትና የጎረቤታችን የጅቡቲ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ የሚያነጋግሩት ሰው ሩቅ አይደለም።

ራስዎን ለመፈተን ከዚህ በፊት ያላዩትን በ«ኧ-ኤር» የሚያበቃ ግስ ከመዝገበ ቃላት ያውጡ። ትርጉሙን ከማየትዎ በፊት በስድስቱም መደቦች በቃልዎ ያርቡት፣ ቀጥለው ይጻፉት፣ ከዚያ ከእርባታ መጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ። ከገጠመልዎ ትምህርቱ ገብቶዎታል፤ ካልገጠመ የሳቱትን መደብ ብቻ ለይተው ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ከዚያ «ፊኒር»ን ያንሱ፤ የሁለተኛው ቤት አለቃ እሱ ነውና ትምህርቱ ከዚያ ይቀጥላል።